ዳዳ ሴኩ ፓምፑን ሲያስተኛ

ነገር ሳያልቅ ዕቃ ማነሳሳት የሚጀምር ሰው የሌለበት መንደር በምድር ላይ የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሻይ ሳትጨርሱ ትሪውን የሚያነሳባችሁ እሱ ነው። አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያ ሲወጣ ለመውረድ ብሎ በሩ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ጨዋታ ሲደምቅ ጫማውን የሚፈልግ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መስኮት የሚዘጋ፣ እንግዳ ሳይቀመጥ የሚሸኝ። ስሙ በየአገሩ ይለያያል። በእኛ የተራራ መንደር፣ በታማዙርት፣ ዳዳ ሴኩ ይባላል።

በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ ጥቂት ነው። ቢሆንም ታላቅን በደረቅ ስሙ መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ዳዳ እለዋለሁ። ሥራው የወንዙን ፓምፕ መጠበቅ ነው። ፓምፑን የገዛነው ወንዙ ዳር የፖም ዛፍ ያለን ቤተሰቦች በጋራ ነው፤ ቁልፉ ግን የተንጠለጠለው በእሱ አንገት ላይ ነው። ማን እንደሾመው የሚያስታውስ የለም። ምናልባት ሹመቱ ሳይታወጅ ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ይሆናል። እኔ በልቤ «ክቡር የመዝጊያ ሚኒስትር» እለዋለሁ። በአፌ ብዬው አላውቅም። እኔ ብዙውን ነገር በልቤ ነው የምለው።

አባባሉ አንዲት ናት፤ «ብርድ ቀጠሮ አይሰጥም!» ፓምፑን ሲፈታ ይላታል። የሰው ሻይ ሲያነሳም ይላታል። የገዛ ልጁ ስትዳር፣ በዚያ ድንጋይ በሚያቃጥል ሙቀት፣ ሙሽራውን ክንዱን ይዞ «በል ውሰዳት እንግዲህ፣ ብርድ ቀጠሮ አይሰጥም!» አለው። ሙሽራው ገና ከበቅሎው አልወረደም ነበር። በዚያው ሠርግ ላይ ምንጣፉን ከዳር ጀምሮ መጠቅለል ስለጀመረ ከበሮ መቺዎቹ እየተነሱ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ በመጨረሻ የጓሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው መቱ። እንዲያውም ያን ዕለት ከበሮው ከመቼውም በላይ ደምቆ ነበር፤ ሰው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የሚመታው በእልህ ነው መሰለኝ።

ጎረቤታችን ባሱ አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ሳለ ዳዳ ሴኩ ሊጠይቀው ሄደ። ከእርሻ በቀጥታ ስለመጣ ነው ይላል እንጂ፣ አካፋ ተሸክሞ ነበር የሄደው። ባሱ በሩ ላይ የቆመውን አካፋ ሲያይ ዳነ።

ሚስቱ ኢዛ የለመደችው ትመስላለች። «እሱ እኮ» ትላለች፣ እየሰማ፣ «ሲወለድም እናቱን ምጥ ሳይጀምራት ነው የወጣው። አዋላጇ ስትደርስ እትብቱን ራሱ ቆርጦ ጠበቃት።»

ይህ ሁሉ ግን ማሟሟቂያ ነው። የዓመቱ ትልቅ ቀን፣ የበረዶው ወራት ሳይገባ ፓምፑ ውኃው ወጥቶ የሚተኛበት ቀን ነው።

እንዴት እንደሚያስተኛው በየዓመቱ ከማሳዬ ግንብ ጥግ ቆሜ ስለማይ አንዲትም አታመልጠኝም። መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳና የቤንዚኑን መንገድ ይዘጋዋል። ሞተሩ ሆዱ ውስጥ የቀረችውን ጠጥቶ፣ ስሎ፣ ተንገዳግዶ ጸጥ ይላል። «ጾሙን ይደር» ይላል ዳዳ ሴኩ። ከዚያ ከሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቶ ውኃውን ያፈሳል። ፈስሶ አለቀ ስንል ፓምፑን እንደ ሕፃን አቅፎ በጎኑ ያጋድመዋል፤ ያኔ አንዲት ስኒ የማትሞላ ውኃ ቡልቅ ብላ ትወጣለች። «ይህቺ ናት በረዶ ሆና ብረት የምትሰነጥቀው!» ብሎ ሌባ እንደያዘ ሰው በጣቱ ይጠቁማታል። የሞተሩን ካንዴላ ነቅሎ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርግና የማስነሻ ገመዱን ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ይስባል፤ ዘይቱ ውስጡን ሁሉ እንዲቀባው ነው። ቱቦውን ከወንዙ ያወጣና ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በትከሻው ላይ እያሳለፈ ይሄዳል፣ የተደበቀች ውኃ ካለች በፊቱ እየነዳ። አይጥ እንዳትገባበት የፓምፑን አፍ በጨርቅ ይወትፋል። በመጨረሻ በበግ አጎዛ ጠቅልሎ በገመድ ያስረዋል።

የሚተኛው በረት ውስጥ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ቤት ነው፣ ምድጃው አጠገብ፣ ደህናው ምንጣፍ ላይ።

«እህቴ ከሚደልት ከተማ መጥታ ኮሪደር ላይ ስትተኛ» ትላለች ኢዛ፣ «ይኸ ብረት ትራስ ተደግፎ ይከርማል!»

«እህትሽ ብርድ ቢመታት አትሰነጠቅም» ይላታል።

አሁን ደግሞ የውኃ አዘጋጋችንን ልንገራችሁ፤ ዘንድሮ የሆነው ያለ እሱ አይገባም። በእኛ ዘንድ ውኃ የሚዘጋው በምግብ ነው። ተራው ከላይ ካለው ማሳ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመጨረሻው ማሳ የእኔ ነው። የመጨረሻው ባለተራ ማሳውን ካጠጣ በኋላ እንደ ቅንጬ ያለውን የስንዴ ምግባችንን፣ ኩስኩስን፣ ሠርቶ በትልቅ ገበቴ ወንዙ ዳር ያቀርባል። ሁሉም የየራሱን የእንጨት ማንኪያ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ገበቴ የቀመሰ ሰው «ማሳዬ ጠግቧል» እንዳለ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ በረዶው ቀልጦ ጸደይ እስኪገባ ድረስ ፓምፑ ይነሳልኝ አይልም። አባቶቻችን ቦይ ብቻ በነበራቸው ጊዜም እንዲሁ ነበር። ታሞ ወይም መንገድ ሄዶ የቀረ ካለ ድርሻው በሳህን ይላክለታል፤ እሱ እስኪቀምስ ድረስ ተራው አልተዘጋበትም፤ ያልተዘጋ ተራውንም ለፈለገው መስጠት ይችላል።

ደንቡ መልካም ነው። ሰው ሁሉ ሲጠግብ ጠብ የለም።

ዘንድሮ ግን እኔ ችግኞች ነበሩኝ። ከአሮጌው የፖም ዛፋችን ቀንበጥ ቆርጬ፣ በሌላ ግንድ ላይ ሰክቼ፣ በጨርቅ አስሬ ያበቀልኳቸው ናቸው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይህ የእሱ ሥራ ነበር፤ እኔ ጨርቁን ብቻ ነበር የማቀብለው። ብቻዬን ስቀር ጨርቁን የማቀብለው ሰው ስለሌለ ቢላውን ያዝኩ። ብዙዎቹ ይደርቃሉ ብዬ ነበር፤ ቅጠል አወጡ። ማሳው ዳር በሰልፍ ቆመው ሳያቸው ሳቄ ይመጣ ነበር፣ የትምህርት ቤት ልጆች ይመስሉኛል። አሮጌው ዛፍ ግንዱ ተቦርቡሮ ካንድ ሁለት ዓመት በላይ ስለማይዘልቅ፣ እነሱ ከሞቱ የዚያ ፖም ዘር በታማዙርት አበቃ ማለት ነው።

የሙቀቱን ወራት ሙሉ ዝናብ አልጣለም። አፈሩ እንደ አመድ ሆኗል። ፖም የሚተክል ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጠጥቶ የተኛን ሥር ውርጭ አይደፍረውም፤ ተጠምቶ የተኛ ሥር ግን ለጸደይ አይደርስም። ለትልልቆቹ ዛፎች አልሰጋሁም፤ ሥራቸው ሩቅ ነው። ለትንንሾቹ ግን የመጨረሻዋ ውኃ የነፍስ ጉዳይ ነበረች። ተራዬ እስኪደርስ ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

ታዲያ ገና ፖም ለቅመን ሳንጨርስ ዳዳ ሴኩ አህያውን እየነዳ መጣ።

«ነገ ነው! ኩስኩሱን ነገ አድርጊው፣ ቱዳ!»

ባሱ ከዛፍ ላይ ሆኖ ጮኸ። «የምን ነገ! ላቤን አታይም?»

«ላብህን ጥረግ። ብርድ ቀጠሮ አይሰጥም።»

«ሬዲዮው ሳምንቱ ፀሐይ ነው ብሏል እኮ!»

«ሬዲዮ ጉልበቱን አይቆረጥመውም። እኔን ግን ከትናንት ጀምሮ እየቆረጠመኝ ነው።»

«እሱ እርጅና ነው፣ ዳዳ!»

«አንተ ጋ ገና ያልደረሰ ሁሉ እርጅና ነው። ውረድና ለነገ ማንኪያህን እጠብ!»

እኔ ከዛፉ ሥር ቅርጫት ይዤ ቆሜያለሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኩስኩሱን የሚሠራው ማሳውን አጠጥቶ የጨረሰ ሰው ስለሆነ፣ ዳዳ ሴኩ እኔም እንደ ወትሮው አጠጥቼ የጨረስኩ መስሎታል። ቀኑን ከጊዜው በፊት ያመጣው ራሱ መሆኑን ረስቶታል። ማለት የነበረብኝ ነገር አጭር ነው፤ «ተራዬ አልደረሰም።» ሕፃን ይለዋል። ግን ሁሉም እያየኝ ነው፤ ባሱ ከላይ፣ ዳዳ ሴኩ ከፊት፣ አህያዋ ሳትቀር። እንዲህ ባለ ጊዜ ይሉኝታ ይይዘኛል። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ይህ ነበር፤

«ዱባ ላድርግበት ወይስ ሽንብራ?»

«ያገኘሽውን! ብቻ ፍጠኚ!» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ገበቴውን አቀረብኩ። ዱባም ሽንብራም አድርጌበታለሁ፤ የጨነቀው ሰው ድስቱን ይሞላል። አንዱ «ቱዳ፣ ተራሽ ደረሰ እንዴ?» ይለኛል ብዬ የሁሉንም ፊት አየሁ። ሁሉም የሚያዩት ገበቴውን ነበር። አብሳይዋ ቀድማ መቅመሷ ደግሞ ደንብ ነው። «በይ ጀምሪ፣ ርቦናል!» አሉኝ። ጀመርኩ። ውኃዬን በገዛ ማንኪያዬ ዘጋሁት።

እኛ ስንበላ ከኋላችን የቡሎን ድምፅ ይሰማ ነበር። ክቡር ሚኒስትሩ ማንኪያውን ገበቴው ዳር አስቀምጦ ፓምፑን ጀምሮታል።

«ዳዳ ሴኩ፣ ና ብላ እንጂ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ! እናንተ ብሉ!»

ሲያልቅ፣ እንደ ወትሮው፣ ማንኪያዎቹ ታጥበው በየቤቱ እንዲደርሱ ለእኔ ተተዉ። እኔ ግን ማንኪያ የማጥብበት ልብ አልነበረኝም። ጀሪካን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዳገቱ ለጉልበቴ ከባድ ነው። የመጀመሪያዋን ችግኝ አጠጣኋት፤ አፈሩ ሿ ብሎ ዋጠውና ምንም እንዳላገኘ ሆኖ አየኝ። ሁለተኛዋ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ ሰልፉን እስከ ጫፉ ተመለከትኩ። በጀሪካን የሚሆን አልነበረም። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ጥቂት ነው ያለቀስኩት፣ ብዙ ማልቀስ አላውቅበትም።

ቤት ስገባ ማንኪያዎቹን ገንዳው ውስጥ አየኋቸው። እጄ ሥራ ይፈልግ ነበርና ማጠብ ጀመርኩ። አንዱን ሳነሳ ደረቅ ነው። ኢዛ በጋለ ብረት የተኮሰችበት ምልክት አለው፤ የዳዳ ሴኩ ነው። አሸተትኩት። ቅቤ አይሸትም። በመስኮቱ ብርሃን ገለበጥኩት። አንዲት ፍሬ ኩስኩስ የለችበትም። ያ ሰው ለመዝጋት ሲቸኩል የመዝጊያውን ምግብ ሳይበላ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ ተለማመድኩ፤ ረጅምና ቆንጆ ንግግር ነበር፣ መግቢያም ነበረው። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆንልኝ ደግሞ ከተረፈው ኩስኩስ በሳህን አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ይዣለሁ። ምን እንደተሸከምኩ የገባኝ በራቸው ላይ ስደርስ ነው። የያዝኩት የራሱን ድርሻ ነው። እሷን ከቀመሰ ሁሉም ነገር አለቀ።

«ቱዳ! ግቢ፣ ግቢ! በጠዋት ምን እግር ጣለሽ?» አለች ኢዛ።

«ማንኪያ ላመጣ ነው» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረው ይኸው ነበር።

እንግዳ ቤት ገባሁ። ፓምፑ አጎዛውን ለብሶ ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። ዳዳ ሴኩ የገመዱን ቋጠሮ እያጠበቀ ነው። ባሱ የተዋሰውን መፍቻ ሊመልስ መጥቶ ሻይ ይጠጣል፤ ብርጭቆውን እንዳይነጠቅ በሁለት እጁ ይዞታል። ኢዛ ማንኪያውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«በምንድን ነው እንዲህ ያጠብሽው?»

«አላጠብኩትም።»

«አላጠብኩትም ማለት?»

«እንዲሁ ነው ያገኘሁት።»

ኢዛ ማንኪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ በቀስታ ወደ ባሏ ዞረች። «ሴኩ። ትናንት ምን በላህ?»

«ኩስኩስ ነዋ።»

«ምን ነበረበት?»

ዳዳ ሴኩ ቋጠሮውን ለቀቀ። «ሥጋ… መሰለኝ።»

«ሥጋ!» አለ ባሱ፣ ሳቁ እየመጣ። «ዱባና ሽንብራ ነበረበት! ሰውየው አልበላም! ሲዘጋ የነበረው ሰውዬ ራሱ ውጭ ቀረ!»

«ብዙ ሥራ ነበረብኝ» አለ ዳዳ ሴኩ። ጆሮው ቀልቷል።

«ሥራ! እኛ እንጠራሃለን አንተ ከቡሎን ጋር ታወራለህ!»

«እሺ በቃ፣ ምን ችግር አለው? ማሳዬ እንደሆነ እስከ አንገቱ ጠጥቷል። አንድ ማንኪያ ነው፤ አሁን እበላና ያልቃል።» ዓይኑ እጄ ላይ ያለው ሳህን ላይ አረፈ። «ይኸው ድርሻዬንም አምጥታልኛለች! ተባረኪ!»

ሳህኑን ተቀበለኝ። ጨርቁን ገለጠ። ማንኪያውን ከኢዛ እጅ ወሰደ። እናንተ ይህን ሰው አሁን ታውቁታላችሁ፤ አንድን ነገር እዘጋለሁ ካለ መሐል ላይ የምታስቆሙበት ጊዜ አይሰጣችሁም። ማንኪያው ሞልቶ ወደ አፉ እየሄደ ነበር።

«አትብላ!»

ማን እንደጮኸ ለማወቅ ዞር ዞር አልኩ። ባሱ ብርጭቆውን ለቀቀው። ኢዛ ግድግዳውን ያዘች። እኔ ነበርኩ።

«አትብላ፣ ዳዳ» አልኩ፣ አሁን ድምፄ ወደ ቦታው ተመልሷል። «ችግኞቼ አልጠጡም። ተራዬ ሳይደርስ ነው ቀኑን ያመጣኸው። እኔ በልቻለሁ፤ የእኔ ተዘግቷል። ያልተዘጋው ያንተ ብቻ ነው።»

ማንኪያው በአየር ላይ ቆመ። አንዲት ሽንብራ ተንከባልላ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

«ትናንትና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ ስለ ዱባው ጠየቅሁህ።»

ባሱ ሊስቅ ብሎ ተወው፤ ይልቁንም ደንቡ ትዝ አለው። የላይኛው ማሳ የእሱ ስለሆነ ደንብ ይወዳል፤ ደንብ ከላይ ነው የሚጀምረው። «ቆይ፣ ቆይ። እሷ በልታለች። እንዲያውም ከሁላችን ቀድማ ነው የቀመሰችው። የበላ አይጠይቅም። ዛሬ ለቱዳ ከተነሳ ነገ ሁሉም ‹አንዲት ቀን ጨምሩልኝ› ይላል።»

«እሷ መቼ ጠየቀች?» አለ ዳዳ ሴኩ። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሰ። «የምጠይቀው እኔ ነኝ። እኔ አልበላሁም። ተራዬን ደግሞ ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ይህም ደንብ ነው ወይስ አይደለም?»

ባሱ አሰበ። ዙሪያውን አሰበና መውጫ አጣበት። «ነው» አለ። «ግን ይኸን ሁሉ ጠቅልለህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ አፉን ወትፈህ…»

ዳዳ ሴኩም የሚያየው ያንኑ ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ የዘጋውን ነገር መልሶ ከፍቶ አያውቅም። የሰነበተ ወዳጅ ተሰናብቶት ከወጣ በኋላ የረሳውን ጃንጥላ ፍለጋ ቢመለስ እንኳ ጃንጥላውን በመስኮት ነው የሚያቀብለው። አጎዛውን ዳበስ አደረገው። ኢዛን አያት። ኢዛ ማሾፉን ትታ በሩን ከፈተችለት። ከዚያ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

«ባሱ፣ በዚያ በኩል አንሳ።»

«እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?»

«ሻዬን ጠጥተህ የለ? አንሳ!»

በአህያ ጭነን ወረድን። ፓምፑን ቦታው ላይ አስቀምጦ፣ ቱቦውን ወንዙ ውስጥ ጥሎ፣ ሆዱን በባልዲ ውኃ ሞላው፤ ፓምፕ ባዶ ሆዱን አይስብም። የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ሞተሩ የትናንቱን ዘይት እያቃጠለ ነጭ ጭስ ተፋብን። ባሱ ሳለ። «እንቅልፉን ያበላሸህበት ሰው ይመስላል» አለ። ከዚያ ቱቦው ተንፈራገጠ፣ አበጠ፣ ውኃውም መጣ።

እያንዳንዷን ችግኝ እስክትረካ ጠበቅኋት። አፈሩ መጀመሪያ ዋጠ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠቆረ፣ ከዚያ ውኃው ከላይ ቆሞ ሰማዩን አሳየኝ። ዳዳ ሴኩ ግን ዳዳ ሴኩ ነው። እኔ ወደ ፊት ስሄድ እሱ ከኋላዬ ቱቦውን እየጠቀለለ ይከተለኝ ነበር። የመጨረሻዋ ችግኝ ጋ ስንደርስ በእጄ የቀረችው ቱቦ ክንድ አትሞላም።

«ጠገበች?» አለኝ።

«ገና ናት።»

«አሁንስ?»

«ዳዳ!»

«እሺ፣ እሺ።» እጁን ኪሱ ከተተ። ያን ያህል ጊዜ እጁ ኪሱ ውስጥ ሲቀመጥ ያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ ፓምፑን እንደ አዲስ አስተኛው፤ አንዲትም ሳያስቀር፣ ያቺን የተደበቀች ውኃ እንኳ መልሶ ጠቁሞ ሰደባት። ሲጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቀዘቀዘውን ኩስኩስ በላ። እኛም ተቀምጠን ጠበቅነው። እስከ ሳህኑ ወለል በላ። «ዱባ አለበት ለካ» አለ። «ይጣፍጣል።»

ውርጩ በማግስቱ አልመጣም። በዚያ ሳምንትም አልመጣም። ባሱ እጅጌውን ሰብስቦ በየቀኑ በበሩ ያልፍ ነበር። «ዳዳ ሴኩ! ጉልበትህ ዛሬስ ምን አለ?» ከዚያ አንድ ጠዋት ስንነሳ የወንዙ ዳር እንደ መስታወት ሆኗል፤ ባሱ ግቢው ውስጥ የረሳው ባልዲ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ዳዳ ሴኩ ያን ዕለት በየቤቱ ዞረ። ጉልበቱን መታ፣ መታ እያደረገ ብቻ አለፈ።

በረዶው ወረደ። ከመንደራችን በላይ ያለው ዓያሺ ተራራ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ማሳው። ከችግኞቼ የሚታየው ጫፍ ጫፋቸው ነበር፤ የሞተና የተኛ ደግሞ በረዶ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። ጠጥተዋል፣ ግን ዘግይተው ይሆን? ሥራቸው ጠልቆ ይዞት ይሆን? ይህን እስከ ጸደይ ሳላውቅ እንደምቆይ ራሴን አሳመንኩ። መጠበቅ አውቅበታለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ምድጃ ሥር ተኮራምቶ ሳለ፣ በመስኮት ስመለከት ጥቁር የሱፍ ካባ የለበሰ ሰው ማሳዬ ውስጥ አጎንብሶ በአካፋ በረዶ ይቆፍራል። ሻርፔን ጠምጥሜ ወጣሁ።

«ዳዳ ሴኩ! ምን ሆነሃል? በዚህ ብርድ!»

«ጸደይ ደርሷል።»

ዙሪያዬን አየሁ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነው። «የት?»

«ነይና እይ።»

የችግኟን ግርጌ አጽድቶታል። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከግንዷ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅርፊት ፋቀ። ፊቴን አስጠጋሁ። ከሥሩ እርጥብ፣ ብሩህ፣ እንደ አተር እሸት ያለ አረንጓዴ ነበር።

«ሕያው ናት» አለ። «ሌላዋን ደግሞ እንይ።» ሰልፉን ይዘን ሄድን፤ እሱ ይቆፍራል፣ ይፍቃል፣ ያሳየኛል። አረንጓዴ። አረንጓዴ። የማሳው ግንብ ጥላ ሥር ያለችው ቡናማ ሆና ተገኘች። በረዶውን መልሶ አለበሳትና «ይህቺ ሰነፍ ናት፣ ከሥር ታቆጠቁጥ ይሆናል» ብሎ በፍጥነት አለፋት። የመጨረሻዋም አረንጓዴ ነበረች።

ያኔ ነው ይህን ሰው ለምን እንደምወደው የገባኝ። ሙቀቱ ሳያልቅ የሚዘጋው ሰውዬ በረዶው ሳያልቅ ይከፍታል። እኛ ገና ብርዱን ስንኖር እሱ ማዶ ተሻግሮ ወሬ ያመጣልናል። የሻይ ብርጭቆዬን ምን ጊዜም ቢነጥቀኝ አይከፋኝም፤ ይንጠቀኝ።

አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ቅርጫት አለሽ?»

«የምን ቅርጫት?»

«የፖም ነዋ! ይኸ ሁሉ ፖም በምን ሊለቀም ነው?»

«ዳዳ፣ እነዚህ እኮ ፍሬ እስኪይዙ ገና ሦስት…»

ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ሄዷል። ካባው በበረዶው ላይ እየራቀ፣ ወደሚቀጥለው ቤት፣ የሌላውን ሰው ዛፍ ሊያይ።

ቤት ገባሁ። እጄን ምድጃው ላይ አሞቅሁ። ከዚያ ከጣራው ሥር የአኻያ ቀንበጥ እስሩን አወረድኩና፣ ለቅርጫት እንዲለሰልስ፣ ሞቅ ባለ ውኃ ነከርኩት።